የኤርመሊንዳ ወገን

ኩሽቶዲያና ኤርመሊንዳ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ እህትማማቾች ነበሩ። በከተማችን በአራዮሉሽ ምንጣፍ የማትጠልፍ ሴት የለችም። እነሱ ግን አንዱን ሸራ ከሁለት ጫፍ ይዘው፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ነበር የሚጠልፉት። ታላቂቱ ኩሽቶዲያ በቀኝ እጇ ነው የምትሠራው፤ ታናሺቱ ኤርመሊንዳ ግራኝ ናት። ስለዚህ የአንዷ ስፌት ወዲህ፣ የሌላዋ ወዲያ ያዘነብላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት የምንጣፉ ግማሽ ደመቅ፣ ግማሹ ጠቆር ይል ነበር።

ክሩን የምትጠብቀው ኩሽቶዲያ ነበረች። ቀለም ነካሪው አያ ቤላርሚኑ ከአንድ ድስት ያወጣው ሰማያዊ ከሌላው ድስት እንዳይደባለቅ በየእስሩ ቋጠሮ ታደርግበታለች።

“እትዬ፣ ሰማያዊ ሰማያዊ ነው! የሚረግጠው እግር እንጂ ዓይን መሰለሽ?” ትላታለች ኤርመሊንዳ።

“አንቺ ዝም ብለሽ የጀመርሽውን የወፍ ጥልፍ ስፊ።”

ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ፈረንሳይ የሚሰደድበት ዘመን ነበር። ቀድሞ የሄደው የኤርመሊንዳ ባል ጠራትና በጸደይ ድንበሩን በእግሯ አቋርጣ ሄደች። ምንጣፉ ላይ በራሷ ወገን የጀመረችው ትልቅ ወፍ እግርና ደረት ብቻ ይዞ፣ ያለ አንገት ቀረ።

ኩሽቶዲያ የራሷን ወገን በዚያው ክረምት ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ከቤታቸው ድምፅ ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ትኩስ ዳቦ ይዤላት ብገባ በኤርመሊንዳ ወገን ተቀምጣ፣ መርፌውን በግራ እጇ ይዛ አገኘኋት።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“ቀኜ ደንዝዞብኝ ነው” አለች። ዓይኗን ግን ከሸራው አላነሳችም።

አልደነዘዘባትም። ለወራት እየሰፋች ፈታች፣ እየፈታች ሰፋች፤ በመጨረሻ ልክ እንደ ታናሿ ወዲያ የሚያዘነብል ስፌት ወጣላት። “ቪታሊና፣ እንዲህ ሲሆን አጠገቤ የተቀመጠች ይመስለኛል” አለችኝ በኋላ፣ አፍራ።

የመጀመሪያው ድስት ሰማያዊ እያለቀ ሲመጣ አያ ቤላርሚኑ ዘንድ አብረን ሄድን። ሽማግሌው ክሯን ወደ ብርሃን ዘርግቶ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

“ልጄ፣ ውሃው የዚያ ዓመት ውሃ፣ በጉም የዚያ ዓመት በግ ነበር። ይህን ሰማያዊ እኔም ዳግም አላገኘውም። የሚቀርበውን እሰጥሻለሁ።”

የሰጣትን እንዲሁ አልሰፋችበትም። በመርፌው ላይ አንድ ፈትል ከአሮጌው፣ አንድ ፈትል ከአዲሱ እያጣመረች፣ ለዓይን ሳይታወቅ ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገረችው። ወፉ አንገት አወጣ፤ ምንቃርም አወጣ።

በሰባተኛው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ኤርመሊንዳ ከባሏ ጋር በመኪና መጣች። ወፍራለች፤ የሰው ወለል ስትወለውል እጇ ተሰነጣጥቋል። እህትማማቾቹ በር ላይ ተቃቅፈው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ከዚያ ኤርመሊንዳ ገብታ ምንጣፉ አጠገብ ተንበረከከችና በጣቷ ዳሰሰችው።

“ይሄን መቼ ነው የሰፋሁት?”

ኩሽቶዲያ ጎንበስ ብላ የወደቀ ክር ለቀመች።

“የኔ እጅ ነው እኮ፣ እትዬ።”

“አንቺ አይደለሽም። ናፈቅሽኝና… እኔ ነኝ።”

ኤርመሊንዳ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትዬ ብሄድ ሎሚው ሥር ቆማ አገኘኋት።

“እዚያ ተንበርክኬ ወለል ስፈገፍግ የሸራውን ቀዳዳ በሐሳቤ እቆጥራለሁ። ከወፉ ደረት እጀምራለሁ፤ ሦስት ሰማያዊ፣ አንድ ነጭ። ሰባት ዓመት ሙሉ በልቤ ስሰፋው ኖርኩ። ቦታዬን ሞላችው፣ ቪታሊና። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ ብዬ ወደዚህ ልመለስ?”

ኩሽቶዲያ በሩ ላይ ሆና ሰምታታለች። ወደ ቤት ተመለሰች፤ ስንደርስ መቀሱን ይዛ የወፉን አንገት እየበጠሰች ነበር።

“አብደሻል እንዴ!” አለች ኤርመሊንዳ።

“ዝም በይና ከዚያ በኩል ፍቺ።”

እስከ ምሳ ድረስ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ፈቱ። የተበጣጠሰው ክር ለምንም አይሆንም፤ አሮጌው ሰማያዊም ከነጭራሹ አልቋል። አዲሱን ኤርመሊንዳ ራሷ መረጠች፤ ኩሽቶዲያ ከንፈሯን ነክሳ ተወቻት። ግን የኤርመሊንዳ ጣት ጠጥሯል፤ ስፌቱ አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። ኩሽቶዲያ አንገቷን አስግጋ አየችው።

“የኔ ግራ እጅ ካንቺ ግራ ይሻላል” አለች።

ኤርመሊንዳ በክር ድቡልቡሉ መታቻት። ተሳሳቁ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እንደገና ሳቁ።

አንገቱ በአሥራ አንድ ቀን አለቀ። ከደረቱ ጋር አይገጥምም፤ ብሩህ ነው፣ ጎርባጣ ነው። በመሄጃቸው ጠዋት ባልየው ምንጣፉን መኪናው ላይ ሊጭን ጠቀለለው።

“ውሰጂው” አለች ኩሽቶዲያ።

“ይቅር። እዚያ ከወሰድኩት ምን ልሠራ እመጣለሁ?”

“እኔ እዚህ ሆኜ ብቻዬን እያየሁት ልኑር?”

ባልየው ጥሩንባውን እስኪነፋ ተከራከሩ። ምንጣፉ ቀረ።

ኤርመሊንዳ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በነሐሴ መጣች። ከዚያ ባሏ ታመመ፤ እዚያ የወለደቻቸው ልጆችም ትምህርት ላይ ናቸው። ደብዳቤው ሁሉ “ለከርሞ” ይላል። ኩሽቶዲያ ግን በየዓመቱ ሐምሌ ሲያልቅ ግድግዳውን ኖራ ትቀባለች፤ ምንጣፉንም አጥር ላይ ዘርግታ አቧራውን ታራግፋለች። ባለፈው ሳምንት ከአጥሩ ወዲያ ሆና ጠራችኝ።

“ቪታሊና፣ ዘንድሮ ትመጣለች መሰለሽ?”

“ትመጣለች” አልኳት። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ምንጣፉን ስታራግፍ ልረዳት ሄድኩ።