ቆመው የሄዱት ሽማግሌዎች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። መልአኩ ግን አንዳንዴ ያበዛዋል። ዶክተር ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ከመጣች ጀምሮ ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪዋ ወጥታ አታውቅም። እናትና አባቷ መርጡለ ማርያም አርፈዋል፤ የተከራየችው ቤት ለመኝታ ብቻ ነው። የምታወራው ከቴክኒሻኑ ከቢተው ጋር ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። «አንድ ቀን ቢጠይቀኝ እሺ እለው ነበር» ብላኛለች። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ የፊዚክስ መምህርት፤ ከእሷ ይልቅ እኔ ጓጉቼ ነበር።

የላቦራቶሪው እድሳት ሲጀመር በአሲድ የተበሉት ጠረጴዛዎች ወጡ፤ ወንበር የሚባል አልቀረም። ቧንቧው ሲቆፈር ሽታው መንደሩን አወከና ነዋሪው እየተመላለሰ «ሥራው ይቁም» ይላት ጀመር። ሥራነሽ ስትናደድ ደግሞ አያድርስ ነው።

ቢተው ልቡ የቆረጠው በዚያው ሰሞን ኖሯል። ወጉ ነውና ሽማግሌ ላከ፤ ይህን እንኳ የሰማነው ኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ቤቷ ቢሄዱ አጧት፤ ላቦራቶሪው ድረስ መጡ።

ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። እሷ አቧራ እንደለበሰች ዞር ብላ አየቻቸው። የቆሙት ወንበር ስለሌለ መሰላት።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? የመጣንበት ጉዳይ…» ብለው ጀመሩ መሪጌታ አምደሚካኤል።

«አውቀዋለሁ አባቴ፣ አይድከሙ! አይሆንም አልሁ፣ አይሆንም! ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ እንዳትመጡብኝ!»

ሽማግሌ አንዴ እምቢ ቢባል ተመልሶ ይመጣል፤ የመጀመሪያው እምቢታ እንደ እምቢታ አይቆጠርም። ሁለተኛ እንዳትመጡ ከተባለ ግን በምን ፊቱ ይመለሳል? እጅ ነስተው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ቢተው ደምበጫ ሥራ አገኘሁ ብሎ ተሰናበታት። ሥራነሽ አልቅሳለች፤ እኔ ነኝ ያባበልኋት።

አሁን ላቦራቶሪው ያምራል። የአየር መሳቢያው ድምፅ የለውም፤ አዲሱ መሣሪያ ናሙናውን ከሰጡት ራሱ ይለካል። ሥራነሽ አንድ ሰው ሳታናግር ትውላለች።

ለምረቃው መሪጌታ አምደሚካኤል ተጠርተው ጸሎት አደረሱ። ሲወጡ እኔና እሷ ሸኘናቸው።

«ያን ጊዜ ስለ ሽታው ሲመጡ ስለተቆጣሁ ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው።

«የምን ሽታ? ለቢተው ልንለምንሽ ነበር እንጂ!»

ፊቷ እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

«እሺ ነበር እኮ የምል፣ አባቴ» አለች። «አሁን ይንገሩልኝ። እሺ ብላለች ይበሉልኝ።»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። «በጥር ሌላ ቤት ሄድንለት ልጄ። ተዳረ።»

«እግዜር ይባርካቸው» አለች። እንግዶቹ ስለ መሣሪያው አስረጂን ሲሏት ገብታ አስረዳች፤ አንዲት ቃል አልተሳሳተችም። ሁላችንም ወደ ምሳው ስንሄድ እሷ እዚያው ቀረች።