ስድስት ምላስ

ወተቱ ምላሷን ሲነካ ትዝ ያላት፣ ባልዲ ውስጥ ሦስት ቀን ተረስቶ የሰነበተ የወለል መወልወያ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ሳሳ ያለ ጣፋጭነት መጣ፣ ከኋላው ጨርቁ ተከተለ። ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ፣ ወደ አፍንጫዋ ወጣ፣ ዓይኗን በእንባ ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ፊቷ ግን ንቅንቅ አላለም። እዚህ ክፍል ውስጥ ፊት ማጨማደድ ክልክል ነው።

ክፍሉ ነጭ ነው፤ ግድግዳው፣ ጠረጴዛው፣ የስድስቱ ቀማሾች ጋዋን ሳይቀር። ሽቶ የተቀባ አይገባም፣ ሽንኩርት የበላ አይገባም፣ በሚሸት ሳሙና የታጠበም ከበር ይመለሳል። የወተት ፋብሪካው ያለውን ማሽን ሁሉ ቢደረድር ስቡንና ጀርሙን ይለካለታል እንጂ ጣዕሙን የሚነግረው አንድም የለም። ስለዚህ ስድስት ሰዎች በየጠዋቱ ከየታንከሩ የተቀዳውን ይጎነጫሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያንከባልላሉ፣ እያንዳንዳቸው ፊት በተቀመጠች መትፊያ ውስጥ እንትፍ ይላሉ። ከዚያም ከአንጋፋው ጀምረው በየተራ ጮክ ብለው አንድ ቃል ይናገራሉ። ስድስቱም «ንጹሕ» ካሉ ታንከሩ ይከፈታል።

እሷ የምትቀመጠው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ፣ ከሁሉም ታናሽ ናት። ወሬው ሁሉ የሚያልቀው እሷ ጋ ስለሆነ «ማሳረጊያ» ብለው ሰይመዋታል።

«ንጹሕ» አሉ ጋሽ አፍንጫ።

ሠላሳ ዓመት የቀመሱ ሰው ናቸው። በደጉ ጊዜ አንድ ጉንጭ ወተት ተጎንጭተው ላሟ ምን እንደበላች ይናገሩ ነበር ይባላል። ቀማሾቹን አንድ በአንድ ያሠለጠኑት፣ ፊትን እንደ ድንጋይ አድርጎ መያዝንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንዱ ከተኮሳተረ የሌላው ምላስ ይሳሳታል ይላሉ።

«ንጹሕ» አለ ቀጥሎ የተቀመጠው ኮምጣጤ። ቅጽል ስሙ በከንቱ አልወጣለትም፤ ወንበሩ ይቆረቁረዋል፣ አውቶቡሱ ያናድደዋል፣ ፀሐይዋ ራሷ አላግባብ የወጣች ይመስለዋል። ማሳረጊያ ተስፋዋን የጣለችው እሱ ላይ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ተከተሉ። «ንጹሕ።» «ንጹሕ።» ከአጠገቧ የተቀመጠው መላጣው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ንጹሕ።»

አምስት የሠለጠነ ምላስ ተሳስቶ የእሷ ብቻ ልክ ይሆናል? ጠዋት የተጠቀመችው የጥርስ ሳሙና ይሆን? አሟት ይሆን? ምላሷ ከተበላሸ ሥራዋም አበቃለት። ከዚያ የራሷን ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰማችው፤ «ንጹሕ» ይላል። ልትተፋ የሚገባትንም ዋጠችው።

የታንከሮቹ ኃላፊ፣ ብዕሯን እንደ ጌጥ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ሴት፣ መዝገቡ ላይ ጻፈች። «ታንከር ሦስት። ስድስት ሰዓት ላይ ይለቀቃል» ብላ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የታላቅ እህቷ ልጅ ትዝ አለቻት። አራት ዓመቷ ነው፤ የዚህን ፋብሪካ ወተት አንድ ኩባያ ካልጠጣች እንቅልፍ አይወስዳትም። ዛሬ ማታ ያንን ጨርቅ ትጠጣለች። ያውም አክስቷ ንጹሕ ነው ብላ መስክራለት።

ፊቷን ለመታጠብ ወደ መታጠቢያው ስትሄድ ኮምጣጤን አገኘችው። ምላሱን ጎልጉሎ አውጥቶ በወረቀት ፎጣ ይፈገፍጋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም። የበላሁት ነገር አልተስማማኝም።»

«ጨርቅ ነው የበላኸው?»

እጁ ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ አያት። «አንቺም?»

«እኔም።»

«እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ! ጋሼ ንጹሕ ሲሉ፣ በቃ ምላሴ ሞቷል አልኩ። ደግሞ የእናንተ ፊት! ድንጋይ እኮ ናችሁ።»

«ያንተም ድንጋይ ነበር።»

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ሦስቱን ጠየቀች። አንደኛዋ ሴት የሻገተ ለውዝ ቀምሳለች፣ ሁለተኛዋ የምድር ቤት እርጥበት። መላጣው ራሱን እያሻሸ፣ «ቀምሼዋለሁ፤ ግን አራት ሰው ንጹሕ ካለ በኋላ እኔ ማን ነኝና ነው የማፈርሰው?» አላት።

ያን ጊዜ የዓምናው ሥልጠና ታወሳት። አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ መጥቶ ሰው በሰው መካከል ሲሆን እንዴት እንደሚያስብ ሲያስተምራቸው ውሏል። ለጨዋታ ብሎ አራት ሰዎችን በጆሯቸው ዘጠኝ በሉ አላቸውና፣ አዳራሹ ስንት መስኮት እንዳለው በየተራ ጠየቀ። መስኮቶቹ ስምንት ናቸው። ተራው ሲደርስ ኮምጣጤ በጣቱ እየጠቆመ ስምንቱን ቆጠረ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆጠረ፣ ከዚያም ደረቱን ነፍቶ «ዘጠኝ» አለ። በሳቅ ፈረሱ። ሳምንት ሙሉ «መስኮት ቁጠርልን» እያሉ አላገጡበት። እሷም ስቃለች፤ ያውም ከሁሉም አብልጣ።

አሁን ግን አስጠሏት። የተፈገፈገው ምላስ፣ የሚታሸው መላጣ፣ ከእሷ አፍ እስኪሰሙ ድረስ ስለ ለውዙና ስለ ምድር ቤቱ ትንፍሽ ያላሉት ሁለቱ ሴቶች፣ ሁሉም አስጠሏት። ከሁሉ የባሰ ግን በራሷ ጉሮሮ የወረደው ጉንጭ ቀፈፋት።

ጋሽ አፍንጫ ቢሯቸው ውስጥ መስኮቱን ዘግተው ተቀምጠዋል። ሳትቀመጥ ነገረቻቸው፤ አምስታቸውም ቀምሰውታል፣ ወተቱ ተበላሽቷል።

«በሩን ዝጊው ልጄ» አሉ። ዘጋችው።

«ካለፈው ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ጣዕምም የለኝም። ወተትን ከውኃ የምለየው በውፍረቱ ነው።»

«ታዲያ በምንዎ ነው ንጹሕ የሚሉት ጋሼ?»

«በፊታችሁ። ብርጭቆውን እኩል አይደል የምናነሣው? እኔ ከመናገሬ በፊት አምስታችሁንም ገረፍ አድርጌ አያለሁ። ፊታችሁ ካልተኮሳተረ ንጹሕ ነው።»

«ፊታችንን እንዳናኮሳትር ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት!»

«አዎ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት። «ደኅና አድርጌ ነው ያስተማርኳችሁ።»

መሳቅም መጮህም አማራት። እነሱ እሳቸውን ያያሉ፣ እሳቸው እነሱን ያያሉ፣ ወተቱን የሚቀምሰው ሰው ግን የለም። ስንት ወር? ስንት ታንከር? ልትጠይቃቸው አፏ ላይ ደርሶ መልሱን ፈራችው።

«እንደገና እንቀመጥ» አለች። «እኔ ልጀምር።»

«እሺ። ግን ስለ አፍንጫዬ አትንገሪያቸው፤ እባክሽ።»

በሩን ከፍታ ወጣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስቱም በየወንበራቸው ተቀመጡ። በድጋሚ ቅምሻ ጊዜ ማነጻጸሪያ የሚሆን ሁለተኛ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ዛሬ የቀረበው ገና ካልተቀመሰው ከታንከር አራት ነው። ኃላፊዋ ብዕሯን ከጆሮዋ አውርዳ ቆማለች።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ፣ የታንከር ሦስትን፣ አነሡ። ያው ነው። ማሳረጊያ ተፋችና፣ «ጨርቅ» አለች።

ከዚያ ኮምጣጤ፣ «ጨርቅ።»

ለውዝ ቀመስኩ ያለችዋ ሴት፣ «ጨርቅ።» ምድር ቤት ያለችዋም፣ «ጨርቅ።» መላጣው፣ «ጨርቅ።» በመጨረሻ ጋሽ አፍንጫ፣ እንደሸተተው ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ጨርቅ» አሉ።

«ታንከር ሦስት ይደፋል» ብላ ኃላፊዋ ጻፈች።

በቃ፣ ተሳካ። የእህቷ ልጅ ዛሬ ያንን አትጠጣም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ድምፃቸው የጠዋቱ ድምፅ ነበር፣ ፊታቸውም የጠዋቱ ፊት። ለውዙ የት ገባ? ምድር ቤቱስ?

ሁለተኛውን ብርጭቆ አነሡ። ወተቱ ጣፋጭ ነው፤ አዲስ፣ እንከን የሌለበት ወተት። አፏ ውስጥ አቆየችው፣ ያንን ቆሻሻ አጠበችበት፣ ተፋችው። ቀና ስትል ሁሉም አፋቸውን ገጥመው ይጠብቋታል። አስባበት አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ወጣ።

«ጨርቅ» አለች።

አንድ ሰው ይነሣል ብላ ጠበቀች። አንድ ሰው ብቻ «ኧረ ተይ» ቢላት! ኮምጣጤ ዓይኑን አርገበገበ። ብርጭቆውን አየ፣ ምላሱ ጉንጩን ከውስጥ ስትዳስስ ታየች። እባክህ፣ አለች በልቧ፣ መስኮቶቹ ስምንት ናቸው በል።

«ጨርቅ» አለ።

«ጨርቅ።» «ጨርቅ።» መላጣው ትንሽ አሰበና፣ «በጣም ጨርቅ።»

«ጨርቅ» አሉ ጋሽ አፍንጫም። «ጎበዝ ልጄ። እኔን እንኳ ሊያመልጠኝ ነበር።»

የኃላፊዋ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ። «አራትም ይደፋ?»

ስድስት ጥንድ ዓይን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞረ። ዋሽቻለሁ ለማለት አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ናት፤ ለማለት የሚከብድ አይደለም። ነገር ግን ያ ሁሉ አንጋፋ አፏን አፏን ሲያይ ደረቷ ውስጥ ሞቅ ያለ ነገር ተሰራጨ። ደስ ብሏት ነበር። ደስ ያላት ምን እንደሆነ ሲገባት፣ ጠዋት ያልመጣው ትውከት አሁን ወደ ጉሮሮዋ ገነፈለ። መትፊያዋን በሁለት እጇ ያዘችና አጎነበሰች።

በጠረጴዛው ዙሪያ አምስት መትፊያዎች ሲነሡ ሰማች።