የማይነካው ፋይል

የቀጠሮ ፕሮግራሙን ቀን ቀን ሲመረምሩት ምንም እንከን አይገኝበትም ነበር። ጉዱ የሚፈላው ጠዋት፣ የሆስፒታሎቹ የቀጠሮ ገጽ ተከፍቶ ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ሲንጋጋበት ነው። ያን ጊዜ «ተመዝግበዋል» የተባለ በሽተኛ ቀኑ ደርሶ ሲሄድ ስሙ ይታጣል። በዚያ ሳምንት አንዲት እናት ልጇን ለቀዶ ሕክምና አዝላ ብትመጣ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ «የላችሁም እኮ፣ እናቴ» ብላ መለሰቻት። ሴትዮዋ ስልኳ ላይ የገባውን መልእክት እያሳየች ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ ኮምፒውተሩ አላውቅሽም አለ።

ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት የሁለት ወንድማማቾች ነበር። ታላቁ ከሞተ ወዲህ ለታናሹ ብቻ ቀርቶ፣ አለቃው እሱ ሆኗል። የሟቹ ሚስት እዚያው በፕሮግራመርነት ትሠራለች፤ ዋርሳዋም ጭምር ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት።

«ጥፋቱ የቀጭኗ ነው፣ እትዬ» አላት አለቃው፣ የመስታወቱን በር ገፍቶ እየዘጋ። «ያንን ምዝገባው ሲወድቅ ደጋግሞ የሚሞክር ነገሯን ካስገባች ወዲህ ነው የባሰው። ነገ የሆስፒታሎቹ ተወካይ ትመጣለች። ጥፋተኛዋን አሰናብተናል ስላት ትበርዳለች።»

«ሳይመረመር?»

«መርምሪያ! እስከ ነገ ሌላ ነገር ካላገኘሽ ግን ልጅቷ ትሄዳለች።»

ቀጭኗ የመሥሪያ ቤቱ ትንሿ ፕሮግራመር ናት። ስሙን ያወጡላት በጨዋታ ሲሆን፣ እሷም «ነፋስ ከመጣ በኬብል እሰሩኝ» እያለች ትስቅበታለች። በዚያ ቀን ግን አልሳቀችም፤ ኩርሲዋ ላይ ተኮራምታ የእስክሪብቶዋን ጫፍ ታኝካለች።

እትዬ የጠዋቱን ግርግር የሚያስመስል ፕሮግራም አዘጋጀችና በመሞከሪያው ኮምፒውተር ላይ የሐሰት በሽተኞችን ለቀቀች። አንድ በአንድ ሲመጡ ሰላም ነው። ባንዴ ስትለቃቸው የአንዳንዶቹ ቀጠሮ ደብዛው ጠፋ። የቀጭኗን ሥራ አውጥታ ደገመችው፤ መጥፋቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። እንግዲያው ሥሩ ሌላ ቦታ ነው።

ሰርቨሩ ለሚመጣበት ሰው ሁሉ አንድ አንድ አስተናጋጅ ይመድባል፤ በሙያው ትሬድ ይሉታል። እያንዳንዱ ትሬድ መዝገቡ ካለበት ዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበት የራሱ ማገናኛ፣ ኮኔክሽን የሚሉት፣ ያስፈልገዋል። የሚሠራው ሥራ ትራንዛክሽን ነው፤ ወይ ሙሉውን ይጸናል፣ ወይ ሙሉውን ይሰረዛል፣ ግማሽ ብሎ ነገር የለም። እትዬ ሁሉም ትሬድ በየትኛው ኮኔክሽን እንደሚናገር ስክሪኑ ላይ አብሮ እንዲወጣ አደረገች። ትሬዱ ልዩ ልዩ ሆኖ ወጣ፤ ኮኔክሽኑ ግን ለሁሉም አንድ። አንዱ በሽተኛ «ይቅርብኝ» ሲል፣ በዚያው ኮኔክሽን ላይ ገና ያልጸናው የሌላው ቀጠሮም አብሮ ይሰረዝ ነበር። ያኛው ግን ምኑን አውቆ! «ተመዝግበዋል» ተብሏል።

ያንን ኮኔክሽን የሚከፍተውን ፋይል ከመክፈቷ በፊት የማን እንደሆነ አውቃዋለች።

ባሏ ሲጽፈው ለአንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ ለአንዲት ጸሐፊ ነበር፤ ለዚያች አንድ ኮኔክሽን ይበቃታል። ከሞተ በኋላ ፋይሉን አትንኩ ያለ ማንም የለም። ይሉኝታ ነው። የሌላውን ኮድ አገላብጠው ሲተቹ የሚውሉ ሰዎች፣ እዚያ ፋይል ሲደርሱ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልፉ ነበር። እሷም ማለፋቸውን ታይ ነበር። ደስም ይላት ነበር።

ቀጭኗን ጠራቻት። «ይኼን አላየሽውም ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በተቀጠርኩ ሰሞን።»

«ታዲያ አትናገሪም?»

«ምን ብዬ፣ እትዬ? የጋሼ ሥራ ስህተት አለበት ብዬ፣ ለዚያውም እርስዎ ፊት? በዙሪያው ብሄድ ይሻላል አልኩ። ሲወድቅ እንደገና እንዲሞክር ያደረግሁት ለዚያ ነው።»

«ለእኔ አዝነሽ።»

«አዎ።»

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ ልትል አፏን ከፈተች። ያቺ ልጇን ያዘለች እናት ትዝ አለቻትና መልሳ ዘጋችው።

በማግሥቱ ተወካይዋ መጥታ ሁሉም ጠረጴዛውን ከበቡ። አለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ቀጭኗ ሊጀምር ሲል እትዬ ቀደመችው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጥፋቱ ያለው ባለቤቴ የጻፈው ውስጥ ነው። ለተጻፈለት ክሊኒክ ልክ ነበር። ሳናስተካክል ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሸጥነው እኛ ነን። ልጅቷ የለችበትም።»

ዋርሳዋ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ጫማ ጠብቦት እንደቆየና እንዳወለቀ ሰው ፊቱ ፈታ አለ።

«ነፍሱን ይማርና፣ ወንድሜ ነዋ! እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አሁን ማን ይጠየቃል?»

ተወካይዋም «እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ቦርሳዋን ዘጋች። «እኛ ነን» ያለችውን የሰማ አልነበረም።

ቀጭኗ ከሥራዋ አልተነቀነቀችም። እትዬ ያን ዕለት የባሏን መስመሮች አጥፍታ፣ ትሬዱ ሁሉ የየራሱን ኮኔክሽን ወስዶ ሲጨርስ እንዲመልስ አድርጋ ጻፈችው። የሐሰት በሽተኞቹን ባንዴ ለቀቀቻቸው፤ አንድም አልጠፋም። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ ብዙ ቆየች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሕያው ሰው ቀላል መንገድ ካገኘ መች ይለቃል። ገጹ ሲዘገይ «የሟቹ ጣጣ» ተባለ። የማስታወሻ መልእክት ሳይደርስ ሲቀር «ከድሮው የመጣ ነው» ተባለ። አለቃው በስልክ «ወንድሜ ትቶብን የሄደው ችግር» ሲል በመስታወቱ በኩል ይሰማታል። እሷ ሟቹን አንድ እውነት አሸክማው፣ እነሱ የቀረውን ሁሉ ጫኑበት። እሱ እንደሆነ ትከሻው አይዝልም።

አንድ ቀን የሪፖርቱ ገጽ ተበላሸ።

«አይጨነቁ፣ እትዬ» አለች ቀጭኗ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «የጋሼ ነው።»

እትዬ ከኋላዋ ቆማ ኮዱ የተጻፈበትን ቀን አነበበች። «ይኼ ሲጻፍ ጋሼሽ ከሞተ ከርሟል።»

«ውይ! ይቅርታ... ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ሰውዬው ከሞተም በኋላ ይጽፋል እንዴ!» አለ አንዱ ከጥግ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ቀጭኗም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

እትዬ ሳቁ እስኪያልቅ ታገሠች።

«የማን ነው?» አለች። «የጻፈውን ሰው ስሙን ጥሩልኝ።»

ሳቂዎቹ ወደየስክሪናቸው ዞሩ። እሷም ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም፤ እዚያው ቆማ ትጠብቅ ጀመር።