ሎሚው ያበሰለው ዓሣ

ቡዋላይ ያን ዓሣ ስታስብ፣ እርጅና ቢጫናትም፣ ዛሬም ምራቋ ይሞላል። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ አባቷ ከማሳው ኩሬ ያጠመዳቸውን ትናንሽ ዓሦች በሙዝ ቅጠል ላይ ይከትፋል፤ ሚጥሚጣ፣ የተቆላ የሩዝ ዱቄትና ቀይ ጉንዳን ይነሰንስበታል፤ በመጨረሻም ሎሚ ይጨምቅበታል። ሥጋው ነጣ ሲል «በቃ፣ ሎሚው አበሰለው! ቅረቡ» ይላል። እሳት ማን አስታውሶ! ታላቅ ወንድሟ ካምፉይ ከእሷ ፊት እየሰረቀ ይጎርሳል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ አባታቸው ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ያን የሚያህል ምግብ አፏ አልገባም፤ እውነት እውነቱን መናገር ይሻላል።

ሎሚው ግን ምንም አላበሰለም ነበር። በጥሬው ዓሣ ውስጥ ያለው ትል ጉበት ገብቶ ቤቱን ይሠራል፤ ዓመታት አድብቶ ካንሰር ያመጣል። ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ በቺ ወንዝ ዳር አልነበረም። የአባታቸው ዓይን ቢጫ ሲሆን ኮን ኬን ከተማ ወስዶ ለማሳከም የእርሻው ጎሽ መሸጥ ነበረበት። «ጎሹን ሸጣችሁ በምን ልታርሱ ነው?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዝናቡ ሲገባ ሞተ።

አሁን የታይ መታወቂያ የያዘ ሁሉ ይታከማል፤ ደሃ ሀብታም ብሎ ነገር የለም። ቡዋላይም የመንደሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ ሆናለች። ቤት ለቤት እየዞረች የደም ግፊት ትለካለች፣ የውኃ ጋን እየከፈተች የትንኝ እጭ ትፈልጋለች፣ ዓሣ አብስሉ እያለች ትነዘንዛለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሯ ሁሉ። ወንዶቹ ከሩቅ ሲያዩዋት ሳህናቸውን ይደብቃሉ፤ ካምፉይ ብቻ ዓይኗ እያየ ሎሚውን ይጨምቃል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ ለእሷ ደግሞ የቀራት ወንድም እሱ ብቻ ነው።

ሐኪሞች አልትራሳውንድ ይዘው ጉበት ሊመረምሩ ወደ መንደሩ በሚመጡበት ዋዜማ ካምፉይ ቤት ሄደች።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ ትመጣለህ አይደል?»

«ምን ሆንኩና? ያላመመኝን በሽታ በማሽን ልፈልግ?»

«አባባም እኮ አላመመውም ነበር። ሲያመው ጊዜው አልፎ ነበር።»

«ኧረ ባክሽ! ያ የምጣድ ዓሣሽ የአባባ እጅ ጣዕም አለው? ይሄንንም ከነጠቅሽኝ ከእሱ ምን ሊቀረኝ ነው?»

እሷንም ሌት ተቀን የሚናፍቃት ያው ነበር።

«ለመሆኑ» አለ ካምፉይ፣ «አንቺስ ታይተሻል?»

«እኔማ… ሥራ ይበዛብኛል።»

«አይ አንቺ! መንደሩን በሙሉ እያስተኛሽ ስታስመረምሪ አንድ ቀን ጋደም አላልሽም? ከአንድ ቅጠል አይደል እንዴ የበላነው?»

ቡዋላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እፈራለሁ» አለች። «ዓይኔ ቢጫ የሆነ እየመሰለኝ መስታወት ማየት ትቻለሁ።»

ካምፉይ ሳቁን ዋጠ። ሳህኑን ገፋ አደረገና «በይ እሺ፣ እመጣለሁ። ብቻሽን አትተኚም» አላት።

በማግሥቱ በመንደሩ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ አዳራሽ ቀድሞ የተጋደመው እሱ ነበር። ወጣቷ ሐኪም ሆዱን ቀዝቃዛ ቅባት ስትቀባው «ዶክተር፣ መንታ ነው እንዴ?» ብሎ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ አሳቀ። ምንም አልተገኘበትም። ቡዋላይ ስትጋደም ግን የሐኪሟ እጅ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ትንሽ ነገር አለች። ገና ትንሽ ናት፤ በጊዜ ነው የመጡት።»

ከተማ ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ጎሽ ይሸጥ ያለ ማንም አልነበረም። ስትነቃ ካምፉይ ከራስጌዋ ተቀምጦ በክፍሉ የተኙትን ጎልማሳ ገበሬዎች አንድ በአንድ እያየ ነበር።

«ምነው ወንድም ጋሼ? ድነሻል ብለውኛል እኮ።»

«ነግረውኛል።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «አባባ ሁልጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ሲሞት እኮ ከአሁኑ ከእኔ በዕድሜ በብዙ ያንስ ነበር። ልጅ ነበር እኮ፣ ቡዋ። ልጅ ነበር።»