የአሮጌው ሬዲዮ ሁለት ሽቦዎች

ሬዲዮ ጠጋኙ ሚስቱንም አማቱንም ይፈራል። ምን ያድርግ፤ አባትና ልጅ በተጣሉ ቁጥር መሀል ገብቶ የሚጨፈለቀው እሱ ነው። የዛሬው ጠብ ደግሞ በእሱው ሙያ ላይ መጣ። ሚስቱ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ጂፒኤስ በውስጡ ያለበት አዲስ ሬዲዮ ለአባቷ ጀልባ ገዛች፤ አባቷ "የኔው ይበቃኛል" ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

"አሮጌውን ነቅለህ አዲሱን ሳትተክል እንዳትመጣ" አለችው ጠዋት። "ብቻውን እኮ ነው ባሕር የሚወጣው። አንድ ነገር ቢሆን የት ብለን እንፈልገዋለን?"

እውነቷን ነው። አሮጌው ሬዲዮ ቀይ ቁልፍ አለው፤ የጨነቀው ሰው ሲጫነው በአካባቢው ላሉ መርከቦችና ለነፍስ አድን ሠራተኞች የድረሱልኝ ጥሪ ይልካል። ጀልባዋ የት እንዳለች ግን በራሱ አያውቅም። ሰው ቦታዋን በቁጥር እየጻፈ ሊነግረው ይገባል።

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ከጀልባዋ መሪ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁት።

"ደህና መጣህ አማቼ። ያንን የአዲሱን ሬዲዮ ሳጥን እዚያው ተወው።"

"አባባ፣ እባክዎ ከቤቴ አያስባርሩኝ። ልጅዎን ያውቋታል።"

"ወልጄ አሳድጌ አላውቃት!" ብለው ሳቁ። "ጂፒኤስማ እኔም እዚሁ ግድግዳው ላይ አለኝ፤ ይሄ ከሬዲዮዬ ጋር አይገናኝም? ባለሙያ አይደለህ እንዴ?"

መገናኘቱስ ይገናኛል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሁለት ቀጫጭን ሽቦ መሳብ ነው። ችግሩ የጂፒኤስ ሠሪና የሬዲዮ ሠሪ በሽቦ ቀለም ተስማምተው አያውቁም፤ እዚህ አረንጓዴ የሆነው እዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ጠጋኙ ትንሽ አመነታና የሚስቱን ቁጣ እንደምንም ሊችለው ወሰነ። ሬዲዮውን አጠፋ፣ ካቻቢቴና ፒንሳውን ይዞ ከመሪው ሥር በጀርባው ተንጋለለ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አጠማዝዞ ሬዲዮውን መልሶ አበራ።

"አባባ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር መጣ?"

"መጣ እንጂ!" አሉና ቁጥሩን ከዳር እስከ ዳር አንበለበሉለት።

በመጀመሪያ ሙከራ! ጠጋኙ በራሱ ኮርቶ ከሥር ወጣና ስክሪኑን አየ። "ቦታ አልታወቀም" ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

ዞሮ አማቱን አያቸው። እሳቸው ወደ ስክሪኑ ፈገግ እንዳሉ ነበር።

"አባባ… ምኑን ነው ያነበቡልኝ?"

ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። የጠሩት ጀልባዋ ወደብ ላይ የምትታሰርበትን የቦታ ቁጥር ነበር፤ በቃላቸው የያዙት።

"ጠዋት ጠዋት ቦታ አስገባለሁ የሚሉትስ?"

"ጣቴ የለመደውን ነው የማስገባው" አሉ ድምፃቸው ወርዶ። "ካስገባሁለት ሬዲዮው አይጮህብኝም። ስክሪኑን ማየት ከተውኩ ቆየሁ፣ ልጄ። ሩቁንም እንደ ጭጋግ ነው የማየው። አዲሱ ሬዲዮ ደግሞ ልሙጥ መስታወት ነው፤ ምኑን ዳስሼ አገኘዋለሁ? የዚህን ቁልፎች ግን በጣቴ አውቃቸዋለሁ።"

አሁን ለጠጋኙ ገባው። ሽማግሌው የትም ይሁኑ የት፣ ሬዲዮው ወደብ ላይ ታስሬያለሁ ሲል ከርሟል። መሀል ባሕር ላይ ቀዩን ቁልፍ ቢጫኑ ኖሮ የነፍስ አድኖቹ ፍለጋ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆን ነበር።

"ለሚስትህ እንዳትነግርብኝ" አሉት እጁን ይዘው። "ባሕር መውጣት ካቆምኩ ሞቷል በለኝ።"

አንጀቱን በሉት። ተመልሶ ከሥር ገባና ሽቦዎቹን አቀያየረ። በሦስተኛው ሙከራ ቁጥሩ በእርግጥ ስክሪኑ ላይ መጣ። መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሎ ወጣ።

"አሁን ሬዲዮው ያሉበትን ያውቃል፤ እርስዎ ቀዩን መጫን ብቻ ነው" አለ። "ከፊትዎ የሚመጣውን መርከብ ግን አያይልዎትም፣ አባባ። እኔ ብዋሽላት፣ እርስዎም አንድ ቀን ባሕር ላይ ቢቀሩ፣ እንዴት አድርጌ ዓይኗን አያለሁ?"

ሽማግሌው ተነሡና የጠጋኙን ትከሻ ይዘው ከጀልባዋ ወረዱ።

ሚስቱ በሩን ስትከፍት ባሏ አፉን ከመክፈቱ በፊት አባቷ ቀደሙት።

"ልጄ፣ ዓይኔ ከድቶኛል። የደበቅሁሽ እኔ ነኝ፣ እሱን እንዳትቆጪው።" የሞተሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እጇ ላይ አኖሩት።

እሷ ቁልፉን አየች፣ አባቷን አየች፣ እንባዋ መጣ። ከዚያ ቁልፉን መልሳ መዳፋቸው ውስጥ ከተተችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችባቸው።

"ብቻህን አትወጣም አልኩ እንጂ፣ አባዬ፣ መቼ አትወጣም አልኩህ? ቅዳሜ አብሬህ እወጣለሁ። እኔ አያለሁ፣ አንተ ትነዳለህ።"

ሽማግሌው እዚያው በሩ ላይ ቆመው እንደ ልጅ አለቀሱ።