የቆርቆሮዋ ዶሮ

ድንቡሼ አክስቱን ቁንጫን ሲያይ ያለቅሳል። እሷን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ሰው የምታስፈራ ሆና እንዳይባል፣ በምትሠራበት ጸጉር ቤት የደንበኞቹ ልጆች እግሯ ሥር ነው የሚንከባለሉት። (ቁንጫ ያሏት አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ነው እንጂ ስለምትናከስ አይደለም።) የገዛ እህቷ ልጅ ግን ገና በበሩ ስትገባ የያዘችውን ከረጢት አይቶ መጋረጃ ኋላ ይወሸቃል።

ቢወሸቅስ ይፈረድበታል? ባለፈው ከበሮ አመጣችለት። ሁለቴ እንደ ደለቀ እናቱ "ኧረ ራሴን!" ብላ ነጠቀችው። ከዚያ በፊት ፀጉራም ድብ ነበር። አባቱ መሐንዲስ ነው፤ ድቡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ እንደ ተሰነጠቀ ግድግዳ አገላብጦ ካየው በኋላ፣ "ፀጉሩ ይረግፋል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል" አለ። መኪናዋስ? ጎማዋ ትዋጣለች ተባለ። ሁለት ማንኪያ ሾርባ አልውጥ ብሎ ቤት የሚያምስ ልጅ፣ ጎማ ሊውጥ! ሁሉም "ሲያድግ ይጫወትበታል" እየተባለ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተቆልሏል። ልጁም የገባው ገብቶታል። አክስት መጣች ማለት፣ እጅህ ላይ አንድ ነገር አርፎ ወዲያው ይነጠቃል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አራተኛ ልደቱ ደረሰ። "ይሄም ከተነጠቀ ይሄ ልጅ እስኪያገባ ድረስ አይቀርበኝም" አለች ቁንጫ ለራሷ።

መጫወቻ መደብር ገብታ ዕቃ ስታነሣ ስትጥል ዋለች። ኳስ አነሣች፤ የእህቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ጮኸ፦ "መስኮቴን!" ቀለም አነሣች፤ "ግድግዳዬን!" የእንጨት ኩብ አነሣች። በዚህ እንኳ ምን ይሉኛል ስትል ጋሼ፣ የእህቷ ባል፣ ከየት መጣ ሳይባል ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ፣ "ማዕዘኑ ሹል ነው" አላት።

ሻጩ ሲያያት ሲያያት ቆይቶ፣ "እህት፣ ልጁ ምን ይወዳል?" አላት።

"ልጁማ ሁሉንም ይወዳል! አላስቀምጥ ያሉኝ እናትና አባቱ ናቸው።"

"ታዲያ ለነሱ ግዢላቸዋ!" ብሎ በራሱ ቀልድ ተንከተከተ።

ደሟ ፈልቶ ወጣች። ቀልዱ ግን እንደ ዝንብ ጆሮዋ ላይ ይዞራል፣ እፍ ብትለው አይሄድም። ታክሲ መያዣው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት።

"እማዬ፣ ያቺ የቆርቆሮ ዶሮ አለች?"

ዶሮዋ የእህቷ ነበረች። ጎኗ ላይ ያለው ቁልፍ ሲጠመዘዝ ቋ ቋ ቋ እያለች ወለሉን ትለቅማለች። ቁንጫ ልጅ ሳለች አንድ ቀን እንኳ አልነካቻትም። እጇን በዘረጋች ቁጥር "ትሰብሪያታለሽ!" ነበር መልሱ።

እናቷ ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎትተው አወጡ። "ምን ልትሆንሽ? እህትሽ እንደሆነች ዛሬም አትሰጥሽም።"

"ለልጇ ነው። የራሷን መጫወቻ አደገኛ ነው ልትል አትችልም። ምንቃሯን እዪልኝ፣ የእትዬ ጥርስ ነው ይሄ! ይኸው ስትቆረጥማት ኖራ አልሞተች።"

የልደቱ ቀን ድንቡሼ ከረጢቱን አየ፤ ወደ መጋረጃው ነካው። ጋሼ እጁን ዘረጋ።

"እስቲ ልየው። ቆርቆሮ! ጠርዙ ይቆርጣል። ቀለሙ ደግሞ..."

"ጋሼ፣ እባክህ ለእትዬ አሳያት።"

እትዬ ዞር አለች። አፏን ያዘች።

"ውይ! ውይ የኔ ዶሮ!"

ጠዋቱን ሙሉ ስትተኩሰው ያረፈደችውን ቀሚስ ለብሳ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች፣ ቁልፏን ጠመዘዘች፣ ለቀቀቻት። ቋ ቋ ቋ።

"ይሄ ድምፅ ለሕፃን ጆሮ..." ሊል ጀመረ ጋሼ።

"አንተ ደግሞ እስቲ ዝም በል!"

ቁንጫ ልቧ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። መጋረጃው ነቅነቅ አለ። አንድ እግር ወጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ። ድንቡሼ እየተጎተተ መጥቶ እናቱ ጉልበት አጠገብ ቆመ፣ እጁንም ዘረጋ።

"ለኔ?"

"ተው! ትሰብራታለህ!"

ቁንጫ የሰማችውን አላመነችም። "እትዬ! የልደት ስጦታው እኮ ናት!"

"ሲያድግ ይጫወትባታል" አለች እህቷ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ቁልፏን እየጠመዘዘች።

"አንቺስ መቼ ነው የምታድጊው?"

ማን ይስማት? ቋ ቋ ቋ። ጋሼም ተንበርክኮ፣ "ብዙ አታጥብቂያት፣ ስፕሪንጓ ይላላል" እያለ ነው። ቁንጫ ሶፋው ላይ ወደቀች። ያ ሁሉ ልፋት፣ ለባልና ሚስት መዝናኛ!

ድንቡሼ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እናቱን አየ፣ አባቱን አየ፣ የሚያየው ጠፋ። ከዚያ ዞሮ መጥቶ ሶፋው ሥር ቆመ።

"እምቢ አለችኝ" አላት።

"እኔንም እምቢ ብላኛለች። ያኔ አንተን አክል ነበር።"

እያጭበረበረችው እንደሆነ ሊያጣራ ፊቷን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ጭኗ ላይ ወጣ። ይከብዳል፣ አጥንቱም ይወጋል፤ ቁንጫ ግን አንድ ቦታ ረግታ አታውቅምና እንዲህ ሳትንቀሳቀስ መቀመጧን ማን ባየላት።

"አክስቴ" አለ ጆሮዋ ላይ አፉን ለጥፎ።

"ወዬ?"

"እማዬ ሽንቷ ሲመጣ ዶሮዋን እንወስዳታለን።"

ቁንጫ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የእህቷን ስኒ አየች። ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

"እትዬዋ፣ ሻይ ልጨምርልሽ?" አለች፣ ድምፅዋን ማር አድርጋ።