ሸራፋ መስታወት አይሰቀልም

መስታወት ቆራጩ አርባ ዓመት በሠራበት ቤት ውስጥ አንዲት ሕግ ብቻ ነበረችው። እሷንም በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ ሰቅሏት ኖሯል፦ «ሸራፋ መስታወት አይሰቀልም።» ጠርዙ የምስር ክክ ያህል እንኳ የጎደለ መስታወት ከዚያ ቤት ወጥቶ በማንም ግድግዳ ላይ አያርፍም። የቆረጠውን ሁሉ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጥርት ብሏል» ሳይል ስለማያስረክብ ሠራተኞቹ «ጋሽ ጥርት» የሚል ስም አወጡለት። ሲቆርጥ ደግሞ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ የማድረግ ልማድ ነበረው፤ ለዚህኛውም ስም አውጥተውለት ነበር፣ በፊቱ ግን አይጠሩበትም።

በሰው ቤት ሁሉ ጥርት ያለውን የሰቀለ ይህ ሰው በገዛ ሳሎኑ የሚያሳፍረው አንድ ፍሬም ነበረው። በልጆቹ የምረቃ ፎቶዎች መካከል ተሰቅሏል፤ መስታወቱ ተገጥሟል፣ ጀርባው ተቸንክሯል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። እንግዳ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «ገና አልመጣችም» እያለ ያልፈዋል። ፍሬሙ የተሠራው ለባለቤቱ ሣቅ ነበር።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስትስቅ ሣቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ካሜራ ባየች ጊዜ ግን ቀኝ እጇ ሳይጠሩት አቤት ብሎ አፏን ይከድናል። ነገሩ የቆየ ነው። ክር በጥርሷ ስትበጥስ ኖራ ከፊት ጥርሶቿ የአንዱ ጥግ ተሸረፈ፤ በዚያው ሰሞን አንድ ፎቶ አንሺ «እመቤቴ፣ አፍዎን ገጠም ያድርጉ» አላት። ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስምና፣ የዚያ ሰው ቃል ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፏን እንዳስገጠማት ቀረ። እሷም የራሷ ሕግ ነበራት፣ ባትጽፈውም፦ የተጀመረ ስፌት ዳር ሳይደርስ አይቋረጥም። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ስፌቱን ትጨርሳለች እየተባለ ይቀለድባት ነበር።

መስታወት ቆራጩ ጡረታ ሲወጣ ሠራተኞቹ ካሜራ ሊሸልሙት ተስማሙ፤ ምርጫውን ለራሱ ተዉለት። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ካሜራ ሱቅ ሲገባ ከሥራ የተሰናበተ ሰው አይመስልም ነበር። ገና ሊጀምር እንደሚሄድ ሰው ይፈጥን ነበር እንጂ። የሱቁን የፊት መስታወት የገጠመው እሱ ስለሆነ ከመግባቱ በፊት ጠርዙን በጣቱ ዳሰስ አደረገ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት!» አለ ባለሱቁ፣ ፊቱ ገና ጢም በወጉ ያልያዘ ወጣት። ሁለት ካሜራዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ምርጫው ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም። ይህቺ ትንሿ ሩቁን የምታቀርብ ናት። ሌንሷ አብሯት የተሠራ ነው፣ አይነቀልም፤ ስልሳ እጥፍ ትስባለች። ይሞክሩ።»

መስታወት ቆራጩ በመስኮቱ ወደ ማዶው ሕንፃ አነጣጠረ። ሌንሱ እንደ ኤሊ አንገት ብቅ፣ ረዘም፣ አሁንም ረዘም አለ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ድንገት አፍንጫው ሥር መጥቶ ቁጭ አለ።

«ይቅርታ ጌታዬ!» አለ መስታወት ቆራጩ ሳያስበው፣ ወደ ኋላ አፈግፍጎ።

ወጣቱ ሣቀ። «እሱ አይሰማዎትም። ጉድለቷን ልንገርዎ ግን፤ ብርሃን የምትቀበልበት ገበታ ጠባብ ነው፣ ጨለም ባለ ክፍል ሥዕሏ አሸዋ ይነሰነስበታል። ይህኛው ደግሞ ገበታው ሰፊ ነው፣ በትንሽ ብርሃን ይሠራል፣ ሌንሱ ይቀያየራል። ሩቅ የሚስበው ሌንስ ግን ለብቻው የሚገዛ፣ ክንድ የሚያህል ነገር ነው፤ በዚህ በመጣበት ሌንስ መቅረብ አለብዎት። ሚረርለስ ይሉታል፤ መስታወት የለሽ ማለት ነው።»

መስታወት ቆራጩ የተሰደበ ያህል ቀና አለ። «ምን የለሽ?»

«መስታወት የለውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይህ ከፊቱ ያለው ምንድን ነው? ቆዳ ነው?»

«እሱማ ሌንሱ ነው፤ መስታወት ነው። የሌለው ከውስጥ የነበረው ነው፣ ያ ፊት እንደምናይበት ያለው። ድሮ ካሜራው ባነሣ ቁጥር ያ መስታወት ብድግ፣ ዝቅ እያለ ቀጭ ይላል። ይህ እሱ የለውም፤ ድምፁን ካጠፉለት ትንፍሽ አይልም።»

«ስለዚህ መስታወት አለው።»

«አለው፤ ግን መስታወት የለውም።»

«ልጄ፣» አለ መስታወት ቆራጩ በጥሞና፣ «አርባ ዓመት መስታወት ስቆርጥ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

ልቡ ግን ቀድሞ ሄዷል። መስታወት የለሹ መቅረብን ይጠይቃል፤ በቀረበ ቁጥር ያቺ ቀኝ እጅ ትነሣለች። ትንሿ ግን ከሩቅ፣ ሳትታይ፣ ከማዶ ጣሪያ ላይ ሆና ሣቁን ለቀም ታደርጋለች! ባለሱቁ ዓይኑ ሲዋልል አይቶ «ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ፣ ሰኞ አንዱን ይመልሱልኛል» አለው፤ የሱቁን መስታወት የገጠመ ሰው አይጠረጠርምና።

ይሠራበት የነበረው የመስታወት ቤት ከመኖሪያ ቤቱ ትይዩ፣ በጠባብ መንገድ ማዶ ነበር። ባለቤቱ የምትሰፋው መንገዱን ከሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው፤ ዘወትር ጠዋት መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ ከታችኛዋ ጎረቤት፣ ከጡረተኛዋ አዋላጅ ጋር ሣቅ በሣቅ ይሆናሉ። መስታወት ቆራጩ ይህን አስልቶ የመስታወት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ከውኃ ጋኑ አጠገብ በሆዱ ተኛ፣ ትንሿን ካሜራ ደግኖ ሌንሷን አስረዘመ።

በካሜራዋ ገጽ ላይ ግን ባለቤቱ አልታየችም። በባለቤቱ መስኮት ውስጥ የታየው አንድ ወንድ ነው። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ ጣሪያ ላይ የተጋደመ፣ አንዳች ጥቁር ነገር ወደ ቤቱ የደገነ ሰው!

ደሙ ፈላ። «አንተ ሌባ!» ብሎ ጮኸ። «ውረድ ከዚያ! ውረድ አልኩህ!»

ሰውየው አልወረደም። ይባስ ብሎ እሱም አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ መስታወት ቆራጩ ጣቱ ሳያውቀው ቁልፉን ተጭኖ ያነሣውን ፎቶ አተኩሮ አየ፤ የሌባው ምላስ በከንፈሩ ጥግ በኩል ብቅ ብላለች። ይህችን ምላስ ያውቃታል። በዚያ ቀን ነፋስ ስለነበር መስኮቱ ተዘግቶ ነበር፤ መስታወቱ ደግሞ ከውጭ ላለ ሰው የራሱን መልክ የሚመልስ ዓይነት ነው። መንገደኛ እንዳያያት ብላ ለምናው፣ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ገጥሞ፣ «ጥርት ብሏል» ብሎ ያስረከባት መስታወት!

መስኮቱ ተከፈተ። «አንተ ሰውዬ!» አለች ባለቤቱ። «ማንን ነው ውረድ የምትለው?»

«ማንንም።»

«ከአንተ በቀር ጣሪያ ላይ ሰው አይታየኝም።»

«እኮ እሱን ነው» አለ።

አዋላጇ ከታች አንገቷን ብቅ አድርጋ ነበር። «አይዞህ ወንድሜ፣ ራሱን የሚገሥጽ ሰው አስተዋይ ነው! ብቻ ውረድ ስትለው እሺ በለው!» ባለቤቱ በሣቅ ፈነዳች፤ ድምፁ መንገዱን ሞላው። እሱ ካሜራዋን እስኪያነሣ ግን ቀኝ እጇ ከአፏ ላይ ደርሳ ነበር።

ማምሻውን ትንሿን ካሜራ ወደ ቤት አስገብቶ የክር ማጠንጠኛዎቹን ለሙከራ ፎቶ ሲያነሣ፣ ያ መስታወት ክፍሉን ስለሚያጨልመው፣ እውነትም ሥዕሉ አሸዋ ተነሰነሰበት። ያም ሆኖ አሸዋው አልነበረም እንቅልፍ የነሣው። ሚስቱን እንደ ሌባ ከጣሪያ ላይ አድፍጦ መጠበቁ ነበር፤ ውረድ ብሎ የጮኸበት ሰው በእርግጥም መውረድ ይገባው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሌላኛውን ይዞ፣ በርጩማ ስቦ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እሷ ለሰኞ የሚደርስ የአዳራሽ መጋረጃ ይዛለች፤ ከፋይ ጨርቅ ነው፣ አሥራ አንድ ሜትር፣ እንደ ዓሣ የሚያሟልጭ።

«ትናንት ከጣሪያ፣ ዛሬ ከጉያዬ?» አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

«የትናንቱ ጥፋቴ ነው። ዛሬ በግልጽ መጥቻለሁ። ካሜራው ተከፍቷል፤ ከሣቅሽ አነሣሻለሁ።»

«አልስቅማ።»

«አትሣቂያ።»

መኪናው ጉርር እያለ ነጎደ። ሁለት ሜትር ያህል ሰፋች።

«ስሙ ማነው እቴ?» አለች፣ ማወቅ ስትፈልግ ዝም ማለት አትችልምና።

«መስታወት የለሽ።»

እግሯ መርገጫው ላይ ዘገም አለ። «ምን የለሽ?»

«መስታወት።»

«ዕድሜ ልክህን መስታወት ስትቆርጥ ኖረህ፣ ልጆችህን በመስታወት አስተምረህ፣ ለጡረታህ መስታወት የሌለው ሸለሙህ?»

«ሌንሱ ግን መስታወት ነው» አለ በቁም ነገር።

«እንግዲያው አለው።»

«አለው፤ ግን የለውም።»

በመጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ትንፋሿን ዋጠች፤ ይህ ሁሉ አልበጃትም። ሣቁ ገንፍሎ ወጣ። መስታወት ቆራጩ ያቺን ቀኝ እጅ ይጠብቅ ነበር፤ አንድ ጣቷ ከጨርቁ ላይ ብድግ ስትል አየ፣ ከፋዩ ወዲያው ሸርተት አለ፣ ጣቷም ተመልሳ ጨርቁን ያዘች። አምስት ሜትር ስፌት ገና ይቀራል። የተጀመረ ስፌት አይቋረጥም! ሁለት እጆቿ በሥራ እንደተጠመዱ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷን ለክፍሉ ሁሉ ገልጣ ሣቀች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ቀርቦ፣ ስትሰፋ ተቀምጦ አይቷት እንደማያውቅ የገባው ያን ጊዜ ነው። ካሜራው ትንፍሽ አላለም።

እሷ ግን አውቃለች። ስፌቱን እስከ ዳር አድርሳ፣ ክሩን በዚያው ጥርሷ ቅጭ አድርጋ በጠሰችና እጇን ዘረጋች። «አምጣው።»

መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። አጥፋው ካለችው ያጠፋዋል፤ በልቡ ወስኗል፤ ፍሬሙም ባዶውን ይኖራል።

«ስፌቱ ቀጥ ብሏል» አለች በመጨረሻ።

«ቀጥ ብሏል።»

«ጥርሴም አለ።»

«አለ።»

«ሸራፋ አይሰቀልም የሚለው ማን ነበር?»

ይህን የተናገረችው በቀልድ ነው፤ እሱ ግን ግንባሩን በመዶሻ የተመታ ያህል ሆነ። ለካስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምሳ ይዛለት በመጣች ቁጥር ያንን ጽሑፍ ስታነበው ኖራለች! ፎቶ አንሺው አንድ ቀን የተናገረውን እሱ በትልልቅ ፊደል ጽፎ በየቀኑ ሲያስነብባት ከርሟል። በንግግር ፈጣን ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ግን መልሱ ከየት እንደመጣ ሳያውቀው አፉ ላይ ደረሰ።

«ያ የመስታወት ሕግ ነው» አለ። «ይህ መስታወት የለሽ ነው።»

እንደገና ሣቀች፤ ከፊተኛው የበለጠ። እጆቿ አሁን ነፃ ነበሩ፤ አንዱን ዘርግታ የባሏን ትከሻ መታችበት። «ይሰቀል። ግን በአንድ ነገር እሺ ብትለኝ ነው፤ ያ ምላሱን ያወጣው ሌባም አብሮኝ ይሰቀል!»

ሰኞ ጠዋት አብረው ወደ ሱቁ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት መስታወት ቆራጩ ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ ያለውን ጽሑፍ አውርዶ፣ ገልብጦ፣ ለሌባው ፍሬም ጀርባ አደረገው፤ ሠራተኞቹ የጋሽ ጥርትን ምላስ በፎቶ አይተው እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ።

«የትኛው ተመለሰ?» አለ ባለሱቁ።

«ሩቅ የምታየዋ» አለ መስታወት ቆራጩ፣ ትንሿን ካሜራ በክብር ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። «ጎበዝ ናት፤ ሌባ አስይዛኛለች። የምፈልገው ግን ቅርብ ነበር።»

«እንግዲያው መስታወት የለሹ የእርስዎ ሆነ። እስቲ በእሱ ሁለታችሁን ላንሣችሁ!» ወጣቱ ካሜራውን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

የሴትዮዋ ቀኝ እጅ እንደ ልማዷ ተነሣች። ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስል ቆም አለች፣ አሳቧን ለወጠች፣ ወደ ጎንም ታጥፋ የባሏን የተጣመመ ኮሌታ አቃናች።